ከብሎኑ በላይ ያለው ሁለተኛ ቀለም

ረቡዕ፣ መጋቢት 11 ቀን
ከወርክሾፑ

ለልጄ፦

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ይሻለዋል። እናትሽም ደህና ናት። እዚያ የገባሽበት የፔይንትቦል ክለብ የሰጠሽ ማርከር፣ ያ የቀለም ኳስ መተኮሻ ጠመንጃ፣ አየር እንደሚበላ፣ ኳሱም አንዴ ሩቅ አንዴ ቅርብ እንደሚወድቅ ጽፈሽ ምክር ጠይቀሽኛል። እኔ ልነግርሽ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ቢሆንም የተጠየቅሁትን ሳልመልስ ማለፍ ስለማልወድ ከእሱ ልጀምር።

የምትነኪው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የአየሩን ግፊት የሚወስነው ሬጉሌተርና የአየሩን መውጫ ቫልቭ መትታ የምትከፍተውን መዶሻ የሚገፋው ሞላ። ብዙ ሰው ፍጥነት ሲያንሰው ሮጦ ሞላውን ያጠብቃል። ሞላ ሲጠብቅ ቫልቩ ከሚገባው በላይ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ኳሷ ከአፈሙዙ ከወጣች በኋላም አየር ይከተላታል። እንግዳው ከሄደ በኋላ በር ላይ ቆሞ እንደማውራት ነው። ስለዚህ ሞላውን ተዪውና ሬጉሌተሩን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር እየጨመርሽ ፍጥነት መለኪያው ፊት አሥር አሥር ኳስ ተኩሺ። ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ከዚያ ብታልፊ ተመልሶ ይወርዳል። ቦታሽ ያ ጫፍ ነው። ጫፉ ከተፈቀደው ከሁለት መቶ ሰማንያ ጫማ በሴኮንድ በላይ ከሆነ ሞላውን ጥቂት አላልተሽ ከመጀመሪያው ድገሚ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች አትቁጠሪ። እያንዳንዱን ቁጥር ጻፊ።

ይህን ሁሉ ታውቂያለሽ፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ለምን እንደጠየቅሽኝም አይጠፋኝም። ሰው ዋናውን ነገር መናገር ሲያቅተው ስለ ብሎን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

የጨዋታ ሜዳችንን ደንብ አስታውሺ። ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዱ ማርከር ይለካል። ከተለካ በኋላ ሞላውን የሚያጠብቀው ብሎን ላይ ከእናትሽ ቀይ የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ ይደረጋል። ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ብሎኑን ማንም አልነካውም ማለት ነው። ጠርሙሷ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ትቆለፋለች። ቁልፉ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አንቺ ጋ ነበር።

የዛሬ ስምንት ወር ከአሥራ አራት ቁጥር ማርከር የወጣች ኳስ የሜዳችንን ዳኛ ከቀኝ ጆሮው ሥር መታችው። ታምቡሩ ተቀደደ። ወዲያው ማርከሩን መለኪያው ፊት ስናቀርበው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት አለ። ቀለሙ ግን ደህና ነበር። ቀለሙ ደህና ከሆነ የተሳሳተው ጠዋት የለካው ሰው ነው። የለካሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ሰው ፊት ቆሜ “ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኩ። ከሜዳ ባለቤቶች ማኅበር የቴክኒክ ኮሚቴም በገዛ ፊርማዬ ወጣሁ። አንቺ ጃኬቴን ይዘሽ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። መኪና ውስጥም “አባዬ፣ ሰው ነህ፤ ሰው ይሳሳታል” አልሽኝ።

እኔን አጽናናሽኝ!

ከሦስት ሳምንት በፊት አሥራ አራት ቁጥርን ከተቀመጠበት አውጥቼ ፈታሁት። ብሎኑን በአጉሊ መነጽር ሳየው ቀለሙ ሁለት ድርብ ነው። የታችኛው ተሰንጥቋል፤ የላይኛው ስንጥቁ ላይ ተቀብቷል። የተሰነጠቁትን ጠርዞች ለካሁ። መቶ ሰማንያ ዲግሪ፣ ንቅንቅ የሌለው ግማሽ ዙር። ሌላ ሰው ቢሆን በግምት ያዞረው ነበር። እንዲህ አድርጎ የሚያዞር እጅ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ከዚያ የቀን መዝገቤን ገለጥኩ። አሥራ አራት ቁጥር በአንድ ሙሌት አምስት መቶ ሃያ ኳስ ይተኩሳል። የዚያን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አራት መቶ አሥር ላይ አየሩ አለቀ። ሞላው እንደጠበቀ አየሩ ተናግሮ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በገዛ እጄ “የጎማ ቀለበቱ ያፈስ ይሆን?” ብዬ ጽፌ አልፌዋለሁ። ዳኛው የተመታው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ጠርቼ ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር? አላውቅም። አልጠየቅኩሽም።

ተነስቼ ዳኛው ቤት ሄድኩ። በር ከፍቶልኝ ወንበር ሲስብ “በግራዬ ተቀመጥ፤ የቀኙ ጡረታ ወጥቷል” አለኝ። አልሳቅሁም። ብሎኑን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

“የመታህ የእኔ ስህተት አይደለም” አልኩት። “የልጄ ነው።”

ብሎኑን አላነሳውም። “አውቃለሁ” አለኝ።

“ምን ታውቃለህ?”

“ነግራኛለች። ከሰዓት በኋላ የመጡት ልጆች ‘ይሄ ይተኩሳል ወይስ ምራቁን ይተፋል?’ እያሉ ሲስቁባት እልህ ያዛትና ብሎኑን አጠበቀችው። አንተ ምሳ ላይ ነበርክ። በሳምንቱ እዚሁ መጥታ፣ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ተቀምጣ እንባዋ አላቆም አለ። እኔ ሻይ አፍልቼ እኔው አባበልኳት።”

“ስምንት ወር ሙሉ ዝም አልከኝ?”

“ለምናኝ ነው። ምን ላድርግ፣ ወንድሜ? ይልቅ አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጆሮውን ያጠፋችበትን ሰው ሳትፈራ አባቷን የፈራችው ለምንድን ነው?”

ብሎኑን አንስቼ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ልወጣ ስል “እናቷን አትቆጣት” ብሎ ጨመረልኝ። “ያመጣቻት እሷ ናት። ውጭ መኪና ውስጥ ስትጠብቃት ነበር።”

ልጄ፣ ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ነው። በገዛ ቤቴ ስምንት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ቁጥሮቼን ደግሜ ደጋግሜ ስደምር እናትሽ አጠገቤ ተኝታ ታውቅ ነበር። አንቺ አውሮፕላን ጣቢያ አንገቴን አቅፈሽ ስታለቅሺ ናፍቆት መስሎኝ ነበር። በሦስታችሁ መሃል አላዋቂው እኔ ነበርኩ፤ ያውም ሰው አዋቂ የሚለኝ እኔ።

እቤት ገብቼ “ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

“በአሥራ አንድ ዓመቷ መለኪያህን የጣለችብህ ጊዜ ትዝ ይልሃል?” አለችኝ። “አሥራ አንድ ቀን አላናገርካትም። በሩ ላይ ቆማ ‘አባዬ’ ስትልህ ወረቀት ትገልጥ ነበር።”

“ዘጠኝ ቀን ነው” አልኳት።

ያን ጊዜ እጇን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ከተናገርኩት በኋላ ሰማሁት።

ቁጣዬ አልበረደም። የተሳሳተ ልክ ይታረማል፤ ከልክ በኋላ ቀለም ቀብቶ እንዳልተነካ ማስመሰል ግን ሌላ ነው። ስሜን አሳልፈሽ ሰጥተሻል፤ ሰጥተሽም እጄን ይዘሽኝ ወደ ቤት ሄድሽ። ይህን አልረሳውም፤ እንድትረሺውም አልፈልግም።

ለማኅበሩ አልጻፍኩም። ጥፋቱ በእኔ ስም ተመዝግቧል፤ እዚያው ይቀመጥ። ለአንቺ ብዬ አይደለም። የተጻፈ መዝገብ መሰረዝ ስለማልወድ ነው።

መልስ ስትጽፊ ስለ ማርከርሽ አንድ ቃል አልፈልግም። ዳኛው ፊት ተቀምጠሽ የተናገርሽውን ለእኔ ጻፊው፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ምንም ሳትቀንሺ። በእናትሽ በኩል አትላኪው፤ በስሜ አድርጊው። እቆጣለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።

ቁጣ ምርቃትን አያስቀርምና ፈጣሪ በሄድሽበት ይጠብቅሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

አባትሽ