ለአቶ በርሄ ያልነገርኳቸው

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13፣ 1987

ዛሬ ዋሸሁ። ያውም በወፍ ጉዳይ።

ከምሳ በኋላ አቶ በርሄን ወደ ባሕሩ ዳር ረግረግ ወሰድኳቸው። አረጋውያንን እንድረዳ የቀጠረኝ ኤጀንሲ የሰጠኝ ሥራ ምግብ መሥራት፣ መድኃኒት መስጠት፣ ክሊኒክ ማድረስ ነው፤ ወፍ ማየት ወረቀቱ ላይ የለም። ግን ከሚኖሩበት ከፍሩትቬል በመኪና ቅርብ ነው፣ እሳቸውም ዊንተሩን ሙሉ ሌላ ደስታ የላቸውም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቢኖክላሩን የምይዘው እኔ ነኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠይቁኛል፣ እያየሁ እነግራቸዋለሁ። ዳክዬው ስንት ነው? የቱ ጠለቀ? የቱ በረረ?

"ኢግሬቷስ?" አሉኝ። ሽመላ የምትመስል ረጅም ነጭ ወፍ ናት፣ ከሁሉም አብልጠው የሚወዷት። ውሃው ውስጥ ከአሮጌ ጀልባ ማቆሚያ የቀረ ግንድ ላይ አገኘኋት። ልነግራቸው ስል ክንፏን ዘረጋች፣ ተነሳች፣ ተመልሳ ወደቀች። እግሯ ላይ ዓሣ አጥማጆች የጣሉት የናይለን ክር ተጠምጥሟል። የክሩ ሌላ ጫፍ ግንዱን ይዟል።

"አለች፣ ቆማለች" አልኳቸው።

ልጃቸው ተስፋይ ከሳን ሆዜ በደወለ ቁጥር "አስቴር፣ አደራ፣ አባቴን የሚያስጨንቅ ነገር እንዳትነግሪው" ይለኛል። በዚህ ራሴን አጽናናሁ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14

ጠዋት ዕቃ ልገዛ ስወጣ ከመንገድ ስልክ የተጎዱ ወፎችን ለሚያነሱ ሰዎች ኮል አደረግኩ። ሦስት ጊዜ ቢዚ። በአራተኛው አንዲት ሴት አነሳች። ከሰዓት እመጣለሁ አለች፣ መጣችም። አቶ በርሄን ይዤ ረግረጉ ዳር ጠበቅኳት፤ ስለ ኢግሬቷ ሲጠይቁኝ "እዚያው ናት" አልኳቸው።

የባሕሩ ውሃ ሸሽቶ እስከ ግንዱ ድረስ ጭቃ ብቻ ነበር። እስከ ደረቷ የሚደርስ የጎማ ልብስ ለብሳ፣ መረብ ይዛ ገባች። ዐሥር እርምጃ ሄደች፣ እስከ ጉልበቷ ሰመጠች። ትንሽ ስትቀጥል እስከ ጭኗ። ከዚያ መንቀሳቀስ አቃታትና ጮኸች። ያገኘሁትን ሳንቃ ገፋሁላት፣ በሆዷ ተኝታ ወጣች። መረቡ እዚያው ቀረ።

"ሶሪ" አለችኝ፣ ፊቷ ሁሉ ጭቃ። "ይሄ ጭቃ ሰው ይውጣል። ሌላ ሰው ማስገባት አልችልም።"

አቶ በርሄ ከአግዳሚው "ማናት?" አሉ።

"ወፍ የምትቆጥር ናት።"

"እሺ" አሉ።

ስንሄድ ወፏ መታገል ትታ ነበር። ስትታገል ይሻላት ነበር መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

ዝናብ። ክሊኒክ። አስተርጓሚዋም እኔ።

ዶክተሩ የጠፋው የዓይን ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ሰመር ሳይገባ ይሄዳል አለኝ። አልሰማሁም ብዬ አስደገምኩት። ሰምቼ ነበር።

"ምን አለ?" አሉ አቶ በርሄ።

"ጠብታውን ይቀጥሉ፣ እናያለን ነው ያለው።"

"እናያለን አለ?"

"አዎ።"

ወደ ረግረጉ አልሄድንም። ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ጨመርኩ፣ እሳቸው ጨርሰው በሉት። ቀኑን ሙሉ ለማን ምን ማድረግ እንደምችል ሳስብ ዋልኩ። ለማንም፣ ምንም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 16

ኮቴን ሳላወልቅ "ተቀመጪ" አሉኝ። "ያቺ ወፍ ምን ሆናለች?"

ከነኮቴ ተቀመጥኩ።

"ማክሰኞ ግንዱ ላይ ቆማለች አልሽ። ረቡዕም እዚያው። ውሃው ሲሸሽ ወፉ ሁሉ ሊበላ ጭቃው ላይ ይወርዳል፣ እሷ ለምን አልወረደችም? ወፍ ቆጣሪስ ጭቃ ውስጥ ገብታ ትጮሃለች?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምጽዋ ወደብ ሃያ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። "ውሃው ሲሸሽ ምን ልታደርጉ ሄዳችሁ?" አሉኝ። "ሲሞላ ነው እንጂ፣ በጀልባ። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ይሞላል።"

ማክሰኞ ብነግራቸው ኖሮ።

ሴትዮዋ ጋ ደወልኩ። ከጎረቤቷ ትንሽ ጀልባ ተውሳ ረግረጉ ጋ አገኘችን። ውሃው ግንዱን ሊውጥ ምንም አልቀረውም። ቀዝፋ ደረሰች፣ ወፏ ላይ ፎጣ ጣለች፣ ክሩን ቆረጠች። እኔ እያየሁ እያንዳንዱን ነገርኳቸው። የወፏ እግር መጥቆሩንም፣ አንገቷ መዘንበሉንም።

ሴትዮዋ በካርቶን ይዛት ስትመለስ "ትድናለች?" አልኳት።

"አላውቅም። እግሯ ሊቆረጥ ይችላል። በአንድ እግር ደግሞ..." አልጨረሰችውም። ያንንም ተረጎምኩላቸው።

መኪና ውስጥ "አሁን ዶክተሩ ያለውን ንገሪኝ" አሉ።

መንገድ ዳር አቆምኩና ነገርኳቸው።

"ሰመር ሳይገባ?"

"አዎ።"

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፣ አላነሱትም። "ለተስፋይ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ እንዳትደውዪለት" አሉ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 17

የዕረፍት ቀኔ ነው። ልብስ ማጠብ ጀምሬ ተውኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሴትዮዋ ደወለች። የወፏ እግር ይቆረጥ አይቆረጥ ገና አልወሰኑም። ጠዋት ግን አንድ ትንሽ ዓሣ ዋጠች። ስለ ነገ አላውቅም አለችኝ።

ወዲያው አቶ በርሄ ጋ ደውዬ ዓሣ መዋጧን ነገርኳቸው።

"አንድ?" አሉ።

"አንድ።"

ስልኩን አልዘጉትም፣ እኔም አልዘጋሁም።