ዜሮም መልስ ነው

ሰኞ
የሂሳብ ፈተናው ተመለሰ። ከአስር ስምንት! እስከዛሬ ከአምስት አልፌ አላውቅም፤ ወላሂ የኔ ወረቀት መሆኑን ለማረጋገጥ ስሜን ሁለቴ አየሁት። ስምንት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርቼ ተመልሼ፣ በሃያ ስምንት ዓመቴ ሐይቅ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ከልጆች ጋር ስቀመጥ እናቴ እንደ ዕብደት ነው የምታየው። ልጆቹም ዘይነባ አይሉኝም፤ «ጅዳ» ነው የሚሉኝ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አራተኛው ጥያቄ x² = 7x ነበር። 0 እና 7 ብዬ መለስኩ። ቲቸር ዜሮዋን በቀይ ሰርዞ ሁለት ነጥብ ቀነሰብኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሀያት 7 ብቻ ጽፋ አስር ከአስር።

ማክሰኞ
እንደገና ሠራሁት። 7xን ወደ ግራ አሻገርኩ፦ x² − 7x = 0። በሁለቱም ውስጥ x አለ፤ የጋራውን አወጣሁ፦ x(x − 7) = 0። ሁለት ነገር ተባዝቶ ዜሮ ከመጣ፣ አንዱ የግድ ዜሮ ነው። ወይ x ዜሮ ነው፣ ወይ 7 ነው። ዜሮን አስገብቼ ሞከርኩ፤ ግራውም ቀኙም ዜሮ። ልክ ነኝ!

ሀያትን እንዴት እንደሠራች ጠየቅኋት። «ሁለቱንም ጎን ለx አካፈልኩ» አለችኝ። ዜሮዋ የጠፋችው እዚያ ነው። x ዜሮ ቢሆንስ? ለዜሮ አይካፈልም።

ልናገር? ቲቸር ይቆጣ ይሆናል። ልጆቹ ይስቁብኛል። ደግሞ ተሳስቼ ቢሆንስ?

እናቴ እራት ላይ፣ «ደላላው የጅዳ ቪዛሽ ወጥቷል፣ እስከ አርብ ቁርጧን ታሳውቀኝ ብሏል» አለችኝ። ሰሃኖቹን ማንሳት ጀመርኩ።

ረቡዕ
ቲቸር ቢሮ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ጅዳ የምሠራላት ማዳም ያላጠፋሁትን ስትጭንብኝ ዝም እል ነበር። አፌ ያንን ለምዷል። በራሴ ተናድጄ፣ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

ሐሙስ
ገባሁ! «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ እስቲ በx ቦታ ዜሮ ያስገቡበት» አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ ዜሮን አስገብቶ ሞከረው፣ ከዚያ ሳቀ። «የመልሱን ወረቀት በችኮላ ነው የሠራሁት። ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ።

ክፍል ስንገባ ጠመኔውን ሰጠኝ። «ዘይነባ ታስረዳችሁ» አለ፣ በስሜ! ሰሌዳው ላይ 3x² + 12x = 0 ጻፍኩ፤ 3xን አውጥቼ 3x(x + 4) = 0። መልሱ 0 እና −4። ከኋላ አንዱ «ሦስቷስ?» አለ። «ሦስት መቼም ዜሮ አይሆንም፣ ተዋት» አልኩት። ማንም አልሳቀም።

የኔ አስር ሆነ። የሀያት ስምንት። እስክንወጣ ፊቷን አዞረችብኝ። ደስታዬ በሷ ትንሽ ጎደለ።

አርብ
ሀያት ደብተሯን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ሌላ ጥያቄ ስጪኝ» አለች። 5x² = 20x ሰጠኋት። ዜሮዋን አስቀድማ ጻፈቻት። አቅፌ ሳምኳት።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ለእናቴ አሳየኋት፤ የዜሮዋንም ነገር ነገርኳት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ቀዩን አስር ብዙ አየችው።
«ይሄ ሁሉ ስለ አንዲት ዜሮ ነው?»
«አዎ እማ። አልሄድም።»
ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ደላላውን «ልጄ ትምህርት ላይ ናት፣ ሌላ ሰው ፈልግ» ስትለው ሰማኋት። ድምጿ ውስጥ ኩራት ያለ መሰለኝ። ይኑር አይኑር አልጠየቅኋትም።