ከሸለቆው ማዶ የምታልፈው ሳህን

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሎይዞ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ክሪስታላስ ደህና ናት? ልጆቹስ በርትተዋል? የሜልቦርን ብርድ አሁን ለቀቅ ሳያደርጋችሁ አይቀርም። እዚህ ወይራው ለለቀማ ደርሷል። እኔ ደህና ነኝ፤ አባባም እየበረቱ ነው። ዛሬ የምጽፍልህም ስለ እሳቸው ነው።

እማማ ካረፈች ወዲህ ከጓሮው ወንበር አልነሳም ብለው እንደነበር ታውቃለህ። ጠመንጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት፣ የተኩስ ሜዳውን ስም እንኳ አያነሱም ነበር። በበጋው የመንደራችን የተኩስ ቡድን ሰው ሲጎድለው እኔን ጠሩኝ። ማሽኑ ወደ አየር የሚወረውራቸውን ሌሎቹን የሸክላ ሳህኖች እንደምንም ተኩሼ እሰብራለሁ፤ ያቺ ከሸለቆው ማዶ አግድም የምታልፈው ግን እምቢ አለችኝ። አንተንም ስታበሳጭህ የኖረችው እሷው ናት። በሳትኩ ቁጥር ባለ ወፍጮው ያኮቩ፣ "ሮዱላ፣ ሳህኗ እኮ ራቷን በልታ ተኝታለች፤ አንቺ ገና ትተኩሻለሽ?" ይለኛል።

ይህንኑ ለአባባ ነገርኳቸው። በማግስቱ ሳልጠራቸው መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሜዳው ላይ ጥቂት ስተኩስ ካዩ በኋላ፣ "የምታዪው አፈሙዙን ነው" አሉኝ። "ልለካ ስትይ ክንድሽ ይቆማል። ዓይንሽ ሳህኗ ላይ ይሁን፤ እጅሽ ግን ቀድሟት ይሂድ፣ ከተኮስሽም በኋላ አይቁም። የወንድምሽም በሽታው ይኸው ነበር።"

እግሬን ሳህኗ ወደምትሰበርበት አቅጣጫ አዙረው ትከሻዬን ሲያስተካክሉልኝ፣ እጃቸው የጠመንጃ ዘይት ሸተተኝ። ለካ ጠመንጃቸውን ተደብቀው ሲወለውሉት ኖረዋል። ወንድምዬ፣ ያን ጊዜ የድሮው እሁዳችን ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ አንተና እሳቸው ጎን ለጎን ቆማችሁ፣ እኔ ትኩስ ቀለህ በቀሚሴ እየለቀምኩ፣ እማማም ከዛፉ ጥላ ሥር ሐብሐብና ሃሉሚ አይብ እየቆረጠች።

ባለፈው እሁድ ከጎረቤት መንደር ጋር ገጠምን። የመጀመሪያዋን ሩቅ ሳህን ሳትኩ። ሁለተኛዋ ስትነሳ አፈሙዙን ጨርሶ ረሳሁት፤ ጥቁር ብናኝ ሆና ሸለቆው ላይ ተበተነች። ዞር ብዬ አባባን ሳያቸው፣ ጣታቸው አየሩ ላይ ገና እሷን ይከተላል። ቢሆንም ተሸነፍን።

በመኪና ስንመለስ፣ አባባ ከእማማ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጠሩ። "ማሪኩ ብትኖር፣ 'ይህን ሁሉ ጥይት ጨርሳችሁ ለድስቴ አንዲት ጥንቸል እንኳ አላመጣችሁም' ትለን ነበር" አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ መኪናውን ዳር አስይዤ አብረን አለቀስን።

ክሪስታላን እቀፍልኝ፤ ልጅህን ፒዬሪስን ግንባሩን ሳምልኝ። የእማማን ስም የያዘችውን ልጅህን እስካሁን "ትንሿ" እያሉ ብቻ ሲጠሯት የኖሩት አባባም፣ "ማሪኩን ሳምልኝ በዪው" ብለውኛል።

እህትህ ሮዱላ
ኮርኖስ፣ ቆጵሮስ
ኦክቶበር 22 ቀን 2003