በነጭ መሐረብ ስለተመረመረው የእህቴ ሳንባ

ለተከበሩ የሥራ ቦታ ጤንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ የቢሮዎ መስኮት ዘወትር ንጹሕ አየር እንዲያስገባልዎት ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ፣ በልብስ ፋብሪካው ውስጥ ውኃ የማያስገባውን፣ ናኖ የሚሉትን እጅግ ደቃቅ ቅብ በጃኬት ላይ የምትረጨው ሠራተኛ ታላቅ ወንድም ነኝ። እህቴ ሁለት ዓመት ከረጨች በኋላ ደረጃ ስትወጣ በየመሀሉ ቁጭ ማለት ጀምራለች። ሐኪሟ ከመርጫው ክፍል እንድትዛወር ጽፎላት ነበር፤ አለቃዋ ግን የእርስዎን ማረጋገጫ ከመሳቢያ መዝዞ፣ ክፍሉ ንጹሕ መባሉን አስረድቶ፣ ሰኞ ወደዚያው እንድትመለስ አዟታል። ስለ ማረጋገጫው ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ።

፩. ተቆጣጣሪዎ ክፍሉን የመረመሩት የመስኮቱን ደፍ በነጭ መሐረብ ጠረግ አድርገው ነው። ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጅ የሚያንሰውን ብናኝ በዓይናቸው ፈልገው ስላጡት፣ የለም ብለው ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ዓይን ለታደለ መሥሪያ ቤት የመለኪያ መሣሪያ መስጠት በእርግጥም ብክነት ነው።

፪. የማረጋገጫው ሁለተኛ ገጽ ቅቡ ከደቃቅነቱ የተነሣ እያንዳንዱን ክር ዘልቆ እንደሚገባ ያወድሳል፤ ሦስተኛው ገጽ ደግሞ ወደ ሳንባ የሚዘልቅ ነገር እንደሌለ ያረጋግጣል። እህቴ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጋ ካነበበች በኋላ፣ «ወንድምጋሼ፣ ክሩን ሰርስሮ ገብቶ፣ እኔ ደጅ ሲደርስ አንኳኩቶ የሚመለስ ጨዋ ብናኝ ነው እንግዲህ» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆኖ ስለቀረ ቀሪውን ገጽ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

፫. ተቆጣጣሪዎ ለዐሥር ደቂቃ ጉብኝት ከቦርሳቸው ማጣሪያ ያለው ጭምብል አውጥተው አጥልቀዋል። ለሠራተኞቹ ግን ጭምብል «አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም»። የመንግሥት ንብረት የሆነው ሳንባ በጥንቃቄ በመያዙ ኮርተናል፤ የእኛማ የለመደ ነው።

፬. አራተኛውን እህቴ፣ ከእንጀራዬ ታፈናቅለኛለህ ብላ አሰርዛኛለች።

እንግዲህ ልመናዬ አንዲት ናት፤ ፊርማዎን ከዚያ ወረቀት ላይ ያንሡልን።

እስትንፋስ በሚፈቅደው መጠን አክባሪዎ፣
የረጪዋ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ሰኞ አትገባም፤ ተማክረን ቆርጠናል። ሴት ልጅዎ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ በመፈለግ ላይ መሆኗን ሰምቻለሁ። ቦታው ክፍት ነው፤ ማመልከቻዋን እኔው ራሴ አደርስላታለሁ።