የሆደ ሰፊው ደንበኛችሁ ጠጠር

ለተከበሩ ዶክተር ምንተስኖት
የሸንቃጣ የውፍረት ሕክምና ማዕከል ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ሳልጠይቅ ስለተሰጠኝ ጠጠር ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ሁለቱም ኩላሊቶችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎን የምመኘው ከልቤ ነው፤ ከኩላሊቴ ጭምር እንዳልመኝልዎ ግን ግራው በአሁኑ ወቅት ለሰው የሚተርፍ ነገር የለውም።

ስሜ ኪዳነወልድ ይባላል፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ በትራንዚተርነት የምሠራ፣ አምና በጥቅምት ወር ጨጓራዬን በማዕከልዎ ያሳነስኩ ሰው ነኝ። በስም ባያስታውሱኝ በመልክ አያጡኝም፤ መናኸሪያው አጠገብ ባሰቀሉት ትልቅ ማስታወቂያ ላይ በአንድ ወገን ቦርጬን ታቅፌ፣ በሌላው ወገን ሸንቀጥ ብዬ ግራ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ የቆምኩት እኔ ነኝ። የሰፈራችን ባለባጃጅ ዳዊ ከዚያ ወዲህ ኦቦ ኪዳነወልድ ማለቱን ትቶ "ሞዴሉ" እያለ ይጠራኛል።

ሐሰት አልናገርም፤ ከስቻለሁ። የጫማዬን ማሰሪያ ራሴ አስራለሁ፤ ስኳሬ ወርዷል፤ ባለቤቴ እንቁም ማንኮራፋቴ ስለቀረ ሌባ ቢገባ እንኳ ይሰማናል ብላ ተጽናንታለች። ለዚህ ያለ ምንም ምፀት አመሰግናለሁ። ምፀቱ የሚጀምረው ከዚህ በታች ነው።

አንደኛ፣ ከማዕከልዎ ስወጣ የሥነ ምግብ ባለሙያዎ ከምግብ ጋር ውሃ እንዳልጠጣ በጥብቅ አስጠንቅቀውኛል። ምክሩ ትክክል እንደሆነ ኋላ ተረድቻለሁ፤ ይሁንና ባለሙያዎ ምክራቸውን የሰጡት ለየትኛው አገር ሰው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በእኛ ቤት፣ በእርስዎም ቤት እንደሚሆን እገምታለሁ፣ ውሃ የሚጠጣው ከምግብ ጋር ነው፤ ማዕድ ሲቀርብ ይቀርባል፣ ማዕድ ሲነሳ ይነሳል። ያለ ምግብ ውሃ የሚጠጣ ሰው ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ ትናንት አምሽቷል። ስለዚህ ከምግብ ጋር አይጠጣ ሲባል እኔ የሰማሁት አይጠጣ የሚለውን ነው። መቼ እንደሚጠጣ የነገረኝ አልነበረም፤ በሞጆ ፀሐይ ኮንቴይነር ለኮንቴይነር ስዞር ውዬ ከንፈሬ ደርቆ ስገባም እንቁ ጎበዝ ብላ ታሞግሰኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሁዳዴ ገባ። እንደሚያውቁት የሚጾም ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ምግብ ይቀርባል፤ ከምግብ ጋር ውሃ ክልክል ነው። ቀን በቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ማታ በማዕከልዎ ሕግ፣ እኔና ውሃ ተቆራረጥን። የንስሐ አባቴ አባ ገብረወልድ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሆዱን የተቀደደ ሰው እንዲህ አይጾምም፣ እስቲ ሐኪምህን ጠይቅ ብለውኝ ነበር። ጠየቅሁ። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዎ ማንንም ሳታማክር ጾም ለውፍረት ከሁሉ የበለጠ መድኃኒት መሆኑን ገልጻ እንድበረታ መከረችኝ፤ እኔም በረታሁ። እነሆ ቄሱ ጾምህን አቅልል ሲሉ ሐኪም ቤቱ አክብድ ያለበት አገር ላይ ደርሰናል።

ሦስተኛ፣ ቆስጣና ቀይ ሥር። ቀላል ነው፣ አያወፍርም፣ እንዳሻህ ብላ ተብዬ ነበርና ሁለት ሁዳዴ ሙሉ በላሁ፤ መሐል መሐል ደግሞ ለውዝ ቆረጠምኩ። ጨጓራው የተነካ ሰው አንጀቱ ከእነዚህ ምግቦች ጠጠር የሚሆነውን ነገር ከሌላው ሰው አብልጦ እንደሚስብ፣ ውሃ ካላገኘም ኩላሊት ውስጥ እንደሚረጋ የነገረችኝ ሌላ ሐኪም ቤት ያገኘኋት ኑሰይባ የተባለች ወጣት ሐኪም ናት። እንዳይጠፋብኝ ብላ በአማርኛም በኦሮምኛም ነገረችኝ፤ ውሃ፣ ቢሻን፣ ከምግብ በፊትና በኋላ፣ ቀኑን ሙሉ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ያን ያህል ቀላል ነበር። እርስዎ ይህን አያውቁም ብዬ አላማዎትም፤ ያውቃሉ። የሚያውቁትን አለመናገርዎ ነው የሚያንገበግበኝ።

በሙያዬ አንድ ዕቃ በጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሳይገለጽ ቢገባ ተጠያቂው አስገቢው ነው። ይህን ጠጠር ያስገባው ማን እንደሆነ ለጊዜው እንተወው።

አራተኛው፣ እኔን ከሁሉ ያሳቀኝ፣ ባለቤቴ እንቁ ግን እስካሁን ያልሳቀችለት ነው። ሕመሙ የተነሳብኝ ሞጆ ፍተሻ ላይ ቆሜ ነው። ከግራ ጎኔ ተነስቶ ወደ ታች ሲወርድ ሾፌሮቹ ፊት ተንበረከክሁ፤ አንዱ የምጸልይ መስሎት ኮፍያውን አወለቀልኝ። ዳዊ ተጠርቶ እስኪመጣና በባጃጁ እየናጠ አዳማ እስኪያደርሰኝ የጮህኩትን ጩኸት እንቁ ሦስት ልጅ ስትወልድ አልጮኸችውም፤ ይህንንም ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። በዚያ መሐል ለማዕከልዎ ስደውል ስልኩን ያነሱት እርስዎ ራስዎ ነበሩ። ከቀዶ ጥገናው ጋር እንደማይገናኝ፣ የአዳማ ውሃ እንደሚሆን ነገሩኝ፤ ቀጥለውም፣ ቃል በቃል፣ "ትንሽ ሆደ ሰፊ ይሁኑ እንጂ" አሉኝ።

ክቡር ዶክተር፣ ሆደ ሰፊ እኮ ነበርኩ። እርስዎ ነዎት ያጠበቡት።

ጠጠሩ በመሣሪያ ተሰባብሮ ወጥቷል። ግራ ኩላሊቴ ግን ታፍኖ ስለቆየ እንደ ቀድሞው እንደማይሠራ ተነግሮኛል፤ እፈራለሁ፤ ይህን በጨዋ ቃል የማስጌጥበት ችሎታ የለኝም።

እንዲያም ሆኖ ለራሴ ብዬ ብዕር ባላነሳሁ። ታናሽ እህቴ ዘመናይ የምትኖረው መልካሳ ነው። በሚመጣው ሳምንት በማዕከልዎ ልትተኛ ቀጠሮ ይዛለች፤ የሰኔ ጾምም ተከትሎ ይገባል፤ እሷ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ጿሚ ናት። የወሰነችው በመናኸሪያው ሳልፍ ወንድሜን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንዴት ኮርቶ እንደቆመ አየሁት ብላ ነው። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ስወፍር ሳቅህ፣ ልክሳ ስል ቀናህ አለችኝ። እኔን አላመነችም፤ የሚያሳዝነው፣ እርስዎን ታምናለች።

ስለዚህ የምለምንዎ ይቅርታ አይደለም። ከማደንዘዣው በፊት ፊት ለፊት አስቀምጠው ጠጠር የሚለውን ቃል በአፍዎ ይጥሩላት። መቼ እንደማትጠጣ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደምትጠጣ ይንገሯት። ጾም ትጾሚያለሽ ወይ ብለው ይጠይቋት። ቆስጣውን ቀንሺ፣ ጎንሽን ሲያምሽ ቶሎ ነይ ይበሏት። ይህን ሰምታ ከተኛች የራሷ ምርጫ ነው፤ እኔም ሾርባዋን ይዤ እመጣለሁ።

ማዕከልዎ ይስፋ፣ በሽተኛዎ ይክሳ፣ የሚናገሩትና የሚያውቁት ይገናኝልዎ እያልኩ፣ ጨጓራዬን አሳንሼ፣ አክብሮቴን ግን ባለበት ስፋት ይዤ እጅ እነሳለሁ።

ኪዳነወልድ ሰብስቤ
የቀድሞው ሆደ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ማስታወቂያው ፎቶግራፍ አንድ ነገር ሳልገልጽ ቀርቻለሁ። ያን ዕለት ወደ ማዕከልዎ የመጣሁት ለመታየት ነበር፤ ግራ ጎኔን ሲወጋኝ ሰንብቶ። ፎቶ አንሺዎ ገና ከበር ሲያየኝ እጅዎን እንደያዙት ይቆዩ፣ ያምርብዎታል አለኝ። እኔም ሐኪም እስኪጠራልኝ ነው ብዬ ቆምኩለት። ሐኪም አልተጠራም፤ ፎቶው ግን ተሰቀለ። እጄ የያዘው ወገቤን አይደለም፤ ጠጠሩን ነው። ዘመናይ አይታ የተማረከችውም በእሱ ነው።