የእናቶቹ አንገት

ወንጪ፣ ግንቦት 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አባዬስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሆዴም ገፍቷል። ግን ፈርቻለሁ እማዬ። ለባለቤቴ ብነግረው፣ አንቺ ደግሞ ፍርሃት ሲበዛብሽ! ይለኛል። ላንቺው ልተንፍሰው እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ከአዲስ አበባ ሐኪሞች መጥተው፣ አእምሯቸው የዘገየና አፋቸውን ያልፈቱ ልጆችን እያጠኑ ነው። ኦሮምኛም አማርኛም ታስተረጉምልናለች ብለው ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወሰዱኝ። እናቶቹ መጀመሪያ ልጆቻቸውን ጓዳ ደበቁብን። በዚህ ዘመን የተመዘገበ ሰው የት እንደሚወሰድ ማን ያውቃል! ለምኜ ለምኜ አስወጣኋቸው። ከዋናው መንገድ በራቅን ቁጥር እንዲህ ያሉት ልጆች እየበዙ ሄዱ።

ዋናው ሐኪም ታዲያ ከልጆቹ ይልቅ የእናቶቹን አንገት ይዳስሳል። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ እንቅርት የሚያመጣው የምግብ ጉድለት እናቲቱ ስታረግዝ ፅንሱንም ይጎዳል፣ ሕፃኑ አእምሮው ሳይዳብር ይወለዳል አለኝ። ለእርጉዟ ቶሎ ከተደረሰላት መድኃኒት አለው። ከተማ ያሉት ያገኙታል፤ እዚህ ማን አምጥቶት?

አዴ ድንቅቱ የምትባል እናት ይህን ስተረጉምላት፣ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት አሳየችኝ። እንቅርት እንዳይወጣብኝ ብላ እናቴ ያስነቀሰችኝ ነው፣ ታዲያ ምን ጠቀመኝ? አለች። ንቅሳቱ ከእብጠቱ ጋር ተለጥጧል። ልጇ ጥርሱን ነቅሎ እንኳ እማዬ ብሎ አልጠራትም። ዋቀዮ፣ አምላኬ! የእኔ ጥፋት ነው ወይ? አለችኝ። ሐኪሙ ምን አለች ቢለኝ፣ ምንም አልኩት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሻርቤን ከአንገቴ አልፈታም፤ ወንጪ ብርድ ነውና ማንም አልታዘበኝም። ትናንት ግን ሐኪሙ ሴቶቹን ሁሉ ጨርሶ፣ የእርስዎንስ? አለኝ። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ሸሸሁ። ለሌላው አትፍሩ፣ ግለጡ ስል የከረምኩት እኔ!

ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። መኪናው ሳይነሳ ሻርቤን ፈትቼ ፊቱ እቀርባለሁ። ረፍዶ እንደሆነም ይንገረኝ። ማርያምን ለምኚልኝ እማዬ። አንቺን አልወቅስም፤ ያወቅሽውን ሁሉ አድርገሽልኛል።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ። የልጅ ልጅሽ አፉን ፈትቶ ስምሽን ሲጠራ ለመስማት ያብቃሽ።

አንገቷን ያስነቀስሻት ልጅሽ