ሳይጠራ የመጣ እጅ

ጥቅምት 4
ጠዋት የሽንኩርት ችግኝ ሳርም ቆየሁ። ወገቤ አልቋል። ከሰዓት የአሻንጉሊት ጨዋታ ልምምድ።

እንደተለመደው ለአንዲት አሻንጉሊት ሦስት ሰው። መምህር ቶኩጂ ራሷንና ቀኝ እጇን፣ እኔ ግራ እጇን፣ ኢሳኦ አጎንብሶ እግሯን። ጨዋታው መብራቱ የሚጠፋበት ጋ ሲደርስ ዛሬም ዘገየሁ። ሴትየዋ ባሏ ጥሏት የሄደ መስሏት በንዴት የወደቡን መብራት ታጠፋለች። እሱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ እሷ እየቀዘፈ ነው... ጀልባው ዓለት ላይ ይሰበራል።

"ንዴት በር አንኳኩቶ ነው እንዴ የሚገባው?" አሉኝ መምህር። "ፈቃድ እየጠየቅሽ ትናደጃለሽ!"

ኢሳኦ ከታች ሆኖ፣ "ሚስቴን ላምጣልዎት? እሷ ፈቃድ የሚባል አታውቅም።" ሳቅን።

ጥቅምት 9
መምህር ሻይ ሲያነሱ አየሁ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቶሎ እጅጌያቸው ውስጥ ደበቁት። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ጥቅምት 10
ኢሳኦም አይቷል። "ዘንድሮ ይቅርብዎት ብንላቸውስ?"
"ማን ይበላቸው? አንተ?"

እሳቸው ከቀሩ ጨዋታው ቀረ። ራሷን መያዝ የሚያውቅበት ሌላ ሰው የለም። ግን እጃቸው በሰው ሁሉ ፊት እምቢ ቢላቸውስ? ያንን እንዴት አያለሁ?

ባሌ የሞተ ጊዜ ሰው ጠልቼ ቤት ዘግቼ ነበር። በሬን አስከፍተው የገቡት እሳቸው ናቸው። አይዞሽ እንኳ አላሉኝም። "እጅ ቸግሮኛል" ብቻ። እስከ ዛሬ በዚያ ቃል ነው የቆምኩት።

ጥቅምት 14
የመንደሩ መቅደስ በዓል፤ ጨዋታችንም ዛሬ ነው። ከኦሳካ የመጡ ሳይቀሩ አዳራሹን ሞልተውታል።

መብራቱ ጋ ደረስን። ከጎን ሆና ታሪኩን የምታዜመው ተራኪ ድምጿን ከፍ አደረገች። የሴትየዋ ቀኝ እጅ ተነሳ... ከዚያ መንቀጥቀጥ ያዘው። የመምህርን ትንፋሽ ሰማሁ። ሁሌ ከአሻንጉሊቷ ራስ እንቅስቃሴ ነው ምልክት የሚመጣልኝ። አልመጣም። ያለ ምልክት ተንቀሳቅሼ አላውቅም። ግራ እጇ ግን ሄደና ቀኝ እጇን አንጓው ላይ ያዘው። ማን አንቀሳቀሰው? እኔ ነኛ! ለእሳቸው ፈርቼ።

ሴትየዋ ከንዴቷ ጋር የምትታገል መሰለ። ታገለች፣ ታገለች... ንዴቷ በለጣት። ሁለቱም እጆች አንድ ላይ ሄደው መብራቱን አጠፉ። አንዲት እናት ከፊት፣ "ተይ! ተይ እንጂ!" ብላ ጮኸች።

ከመጋረጃው ጀርባ መምህር ወደ እኔ ዞሩ። አለቀልኝ አልኩ።
"ምልክት አልሰጠሁሽም።"
"ይቅርታ መምህር።"
"ሳልጠራሽ መጣሽ።" ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። እሳቸው ለእኔ! ኢሳኦ ዓይኑን እየጠረገ "ላብ ነው" ይላል።

ጥቅምት 15
"ከእንግዲህ ራሷን አንቺ ያዢ" አሉኝ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ግንቦት 20
ሽንኩርቱ ተነቅሎ ተሰቅሏል። ዛሬ ራሷን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ወጣሁ። ግራ እጇን ኢሳኦ፣ እግሯን ሚስቱ። (እውነትም ፈቃድ አታውቅም።)

መምህር ከፊት ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ከጀርባዋ ቆመው ነው የኖሩት፤ ከፊት አይተዋት አያውቁም።

መብራቱ ጋ ስደርስ ቀኝ እጇን አንቀጠቀጥኩት። ሆን ብዬ። ልክ እንደ እሳቸው። ኢሳኦ በግራ እጇ መጥቶ ያዘው።

ሲያልቅ ወደ መምህር ሄድኩ። ጉንጫቸው ረጥቧል። አሻንጉሊት ይዞ የሚያጫውት ሰው ፊቱ ድንጋይ ይሁን ሲሉን የኖሩት ሰውዬ!
"ይሄን ሁሉ ዓመት ተናዳለች ብዬ ነው የያዝኳት" አሉ። "ፈርታ ነበር እኮ! ብቻዋን መቅረት ፈርታ... እጇን አላየሽም?"
"የእርስዎ እጅ ነው፣ መምህር።"

ቀኝ እጃቸውን አዩት። እጅጌያቸው ውስጥ አልመለሱትም። በዚያው እጅ ሻይ ቀዱልኝ። ግማሹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። የተረፈውን ጠጣሁ። ተመስገን።